ጌዲዮን ያልጠጣው መጠጥ

ትዕምርት የሙሚናን የምርመራ ውጤት ከሌላ ሴት ውጤት ጋር ያቀያየረችው ማክሰኞ ጠዋት ነው።

ጭሮ ውስጥ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። አሥራ ስድስት ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅራ ወባ ስትፈልግ ኖራለች። የዚያን ቀን ሁለት የደም ስላይዶች ጎን ለጎን አስቀመጠች፤ ዓይኗን ለአፍታ ከደነች፤ ስትገልጥ የትኛው የማን እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረችም። እርግጠኛ እንደሆነች አድርጋ ጻፈች። ከቦርደዴ የመጡት አሮጊት ሙሚና «ወባ የለብዎትም» ተብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሐሙስ ልጃቸው አዝሏቸው መጣ።

«የለባትም ብላችሁኝ ነበር» አለ። አልጮኸም። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ፊርማው የትዕምርት ነው።

ሙሚና ተርፈዋል። «አልሐምዱሊላህ» እያሉ በእግራቸው ወጡ። ትዕምርት የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። የላብራቶሪው ኃላፊ ህሩይ ደብዳቤውን ሲያቀብላት ዓይኗን አላየም።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«እንቅልፍ አጥቼ ነው።»

«እንቅልፍማ ማን ጠገበ» አለ ህሩይ። «ከእንግዲህ አንዲት ስህተት ብትደገም እኔም አላድንሽም።»

ባሏ ጌዲዮን የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው። ግዙፍ ሰው ነው፤ ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ነው። ከኋላ የተቀመጡ ተማሪዎች «አልተሰማም ቲቸር» ይሉታል። ማንኮራፋት የጀመረው የዛሬ አምስት ዓመት፣ አንገቱ ሲወፍር ነው። ቤታቸው ከሐረር መንገድ ዳር ነው። ሲኖ የሚባሉት ከባድ መኪኖች ዳገቱን እያጓሩ ሲወጡ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ትዕምርት ግን በዚያ ነቅታ አታውቅም። ሲኖ ያልፋል። ጌዲዮን አያልፍም።

ከጩኸቱ ይልቅ የሚያስፈራው ዝምታው ነበር። መሐል ላይ ትንፋሹ ይቆማል። ትቆጥራለች። ሃያ፣ ሠላሳ፣ አንዳንዴ አርባ። ከዚያ በክርኗ ጎኑን ትመታዋለች፤ ከውኃ ውስጥ እንደወጣ ሰው አየር ስቦ «ምነው?» ይላል። «ምንም፣ ተኛ» ትለዋለች። እሱ ይተኛል። እሷ የሚቀጥለውን ትጠብቃለች።

ያልሞከሩት የለም። በጎኑ እንዲተኛ ከከነቴራው ጀርባ ላይ የቴኒስ ኳስ ሰፋችለት፤ ኳሱ ላይ ተኝቶ አንኮራፋ። እራት ተወ። ሰባት ቀን ጠበል ተጠመቀ። እሷ ጆሮዋን በጥጥ ብትደፍን ጆሮዋ መግል ያዘ። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ነገሩ በሽታ ነው፣ የሚያየው ስፔሻሊስት ያለው አዲስ አበባ ነው ተባሉ። ቀጠሮው ለሐምሌ ተያዘ። ወሩ ጥር ነበር።

ማስጠንቀቂያው በደረሳት ማግስት ትዕምርት ልብሷን በፌስታል አድርጋ ሂርና፣ እህቷ ወሰንየለሽ ዘንድ ሄደች። ከዚያ ጀምሮ ከሥራ ስትወጣ ሚኒባስ ትይዛለች፤ ጠዋት በመጀመሪያው ትመለሳለች። በመጀመሪያው ቀን ከልጆቹ ጋር መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ አሥር ሰዓት ሙሉ ተኛች። እህቷ ትንፋሿን ለማረጋገጥ ሁለት ጊዜ መጥታ አየቻት።

በሦስተኛው ሳምንት የሚኒባሱ ረዳት «ዛሬም ወደ እህትሽ ነው?» አላት፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ። «ጋሽ ጌዲዮን ምን ቢያጠፋ ነው እንዲህ የጨከንሽበት?»

እሑድ ሽማግሌዎች መጡ። ጋሽ ነጋሽ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ሲጋቡም ሽማግሌ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ጋሽ ቶላ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ፣ ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤት ናቸው። ትዕምርት ከሂርና ተጠርታ መጥታ የገዛ ቤቷ ሶፋ ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጠች። ጌዲዮን ከፊት ለፊቷ ነበር።

«በይ ልጄ» አሉ ጋሽ ነጋሽ፣ «ምን በደለሽ?»

«አልበደለኝም። ያንኮራፋል።»

«ማል ጄታ?» አሉ ጋሽ ቶላ። ሲገርማቸው ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። «ምንድን ነው የምትይው? በዚህ ከሆነማ እኔ እስካሁን ስድስቴ ተፈትቻለሁ።»

ጋሽ ነጋሽ አልሳቁም። «ሴት ልጅ በማንኮራፋት ቤቷን አትለቅም። አንቺ ጨዋ ስለሆንሽ ነው የምትሸፍኚለት። ሴት አለችው?»

«የለችም።»

«እጁን ያነሳል?»

«ጋሼ፣ ያንኮራፋል ነው የምልዎት። በሱ የተነሳ ሰው ልገድል ነበር። ሥራዬን ላጣ ነው።»

ስልኳን አውጥታ የቀዳችውን አሰማቻቸው። ጋሽ ቶላ ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ይሄማ ሲኖ ነው። ፍሬን ሲይዝ እንዲህ ያደርጋል።»

ድምፁ በድንገት ተቋረጠ።

«አለቀ» አሉ ጋሽ ነጋሽ።

«አላለቀም፤ ይጠብቁ።»

ጠበቁ። ጋሽ ቶላ ሰዓታቸውን አዩ። ጌዲዮን ምንጣፉን ያይ ነበር። ከስልኩ ውስጥ ታንቆ እንደተለቀቀ ሰው ያለ ድምፅ ወጣ፤ ሁለቱም ሽማግሌዎች ወደ ኋላ አሉ።

«ይሄ እኮ የሰከረ ሰው ነው» አሉ ጋሽ ነጋሽ ቀስ ብለው።

ትዕምርት «ኧረ አይጠጣም» ልትል አፏን ስትከፍት ጌዲዮን ቀደማት።

«አዎ» አለ። «እጠጣለሁ።»

የክፍሉ አየር ቀለለ። ጋሽ ቶላ ተንፍሰው «በል፣ እንዲህ ተናገር እንጂ» አሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ጌዲዮን ሁለተኛ መጠጥ ላይቀምስ ማለ፤ ተነሥቶ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመ። ትዕምርት ይቅር እንድትል ተጠየቀች። ይቅር አለች። ጋሽ ነጋሽ መርቀው ሲያበቁ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ከቤትሽ ወጥተሽ ብታድሪ የጣልሽው እሱን ሳይሆን እኛን ነው» አሏት።

ሲሄዱ በሩን ዘጋችው።

«አንተ ጠላ እንኳ ራስህን ያዞርሃል። ምን ነካህ?»

«ሌላ ነገር እስክንሰጣቸው ድረስ አይሄዱም ነበር» አለ። «ለመጠጥ መሐላ አለው፣ ትዕምርት። ለዚህ ምን ብዬ ልማል?»

ፌስታሏን ወደ መኝታ ቤት አስገባች።

በዚያ ሳምንት የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ጌዲዮንን በሰው ፊት ጨብጦ «በርታ» አለው። የሠፈሩ ባለ ግሮሰሪ ሲያልፍ ሲያየው ፊቱን ያዞር ጀመር፤ ደንበኛው የነበረና የከዳው ይመስል። ጌዲዮን ሁሉንም ዝም ብሎ ተቀበለ። ማታ ማታ እሷን እንቅልፍ ቀድሞ እንዲወስዳት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የተማሪ ደብተር ያርማል። ግን ወንበሩ ላይ እንዳለ ይወስደዋል፤ ያኔ ደግሞ ከአልጋው ይብሳል።

በአራተኛው ቀን ትዕምርት መዝገቡ ላይ «አልተገኘም» ብላ ጽፋ ፈረመች። ስላይዱን ልታነሣ ወደ ማይክሮስኮፑ ዞረች። ማይክሮስኮፑ ላይ ምንም አልነበረም። ስላይዱ ገና ከማድረቂያው አልተነሣም፤ ያላየችውን ነው የጻፈችው። አንሥታ አየችው። ወባው ሞልቶበታል።

ጽሑፉን ሰረዘች፤ አስተካክላ ጻፈች። ህሩይ ቢሮ ገባች።

«የሌሊት ተረኛ አድርገኝ» አለችው። «በቋሚነት።»

ህሩይ ቀና ብሎ አያት። የሌሊቱን ሥራ ጠይቆ የሚወስድ ሰው አጋጥሞት አያውቅም። «ታርቃችኋል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ባልሽ ምን ይላል?»

«ይስማማል።»

«ሽማግሌዎቹስ?»

«ሥራ ነው። በሥራ ማን ይቀየመኛል?»

ጌዲዮን ሲነገረው «እስከ ሐምሌ» አለ። «እስከ ሐምሌ» አለችው።

አሁን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሩ ላይ ይገናኛሉ። እሱ ቦርሳውን ይዞ ይወጣል፤ እሷ ትገባለች። አልጋው በእሱ በኩል ሙቀቱ አልበረደም። ሲኖዎቹ መስኮቱን እያንቀጠቀጡ ያልፋሉ፤ እሷ እስከ ስምንት ሰዓት ትተኛለች። ከዚያ ወዲህ የሰረዘችው ውጤት የለም። ጋሽ ነጋሽ አመሻሽ ላይ ባልና ሚስቱ አብረው ወደ ክሊኒኩ ሲራመዱ አይተዋቸው፣ ለጋሽ ቶላ «አየህ፣ ሥራ ድረስ ይሸኛታል» ብለዋል።

ሌሊት ላብራቶሪው ጸጥ ይላል። አምስት ዓመት የተመኘችው ጸጥታ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ማይክሮስኮፑን እየጠረገች ሳለ መቁጠር መጀመሯን አወቀች። ሃያ፣ ሠላሳ። የሚመታ ጎን አጠገቧ አልነበረም። አርባ ላይ ስልኳን አነሣች።

ብዙ ጠራ። ሊቋረጥ ሲል ተነሣ።

«አለሁ» አለ ጌዲዮን፣ በእንቅልፍ ልቡ።

ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ በየሌሊቱ፣ ሰባት ሰዓትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትደውላለች። እስከ ሐምሌ አምስት ወር አለ።