ተራራው ጫፍ ላይ የታመምኩት እኔ

ዛሬ ከመካነ ሰላም አጠገብ ካለው ፓርካችን ከፍተኛ ጫፍ፣ ነጩ የኖራ ድንጋይ ላይ ቆሜ «ከአልጋዬ መነሳት አቅቶኛል» ብዬ ለአለቃዬ ዋሸሁ።

ጠዋት «ሆዴን ቆርጦኛል» ብዬ ከመሥሪያ ቤት ቀርቼ ነበር። መንገዱን በሙሉ ኔትወርክ ስላልነበረ ተዝናንቼ ነው የወጣሁት። ጫፉ ላይ ስደርስ ግን ስልኬ ጮኸ፤ አለቃዬ እትዬ ዘይነባ ናቸው።

«አፊያ ነህ ወይ? ተሻለህ?»

«ኧረ ቀና ማለትም አልቻልኩም» አልኩ እያቃሰትኩ። አቀበቱ አስለክልኮኝ ስለነበር ማቃሰቱ አልከበደኝም።

«ይሄ የሚያፏጨው ምንድን ነው?»

«ማራገቢያ ነው።» (በመካነ ሰላም ብርድ ማራገቢያ! ንፋሱ ነዋ።)

ይሄኔ አብረውኝ የወጡት የፓርኩ ጠባቂ፣ ጋሽ ይመር፣ ባለ በሌለ ድምፃቸው ጮኹ፦ «ኧረ አንተ ሰው፣ ከጠርዙ ፈቀቅ በል! ገደል ነው!»

ጩኸቱ እትዬ ዘይነባ ጆሮ ገባ። ከገደሉ ይልቅ ቀጥለው የጠየቁኝ አስፈራኝ።

«አልጋህ ይሄን ያህል ከፍ ይላል እንዴ?»

ምን አደርጋለሁ? ሁሉንም ተናዘዝኩ።

«ያረቢ! እኔ እዚሁ አገር ተወልጄ ያን ጫፍ ረግጬው አላውቅም፤ አንተ ብቻህን ትወጣለህ? በል እሁድ እኔን ይዘህ ትወጣለህ። ቅጣትህ እሱ ነው።»

በደስታ «እሺ» አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፤ እትዬ ዘይነባ የቢሯችንን ደረጃ እንኳ ሁለቴ አርፈው ነው የሚወጡት።

እናንተስ፣ «ታምሜያለሁ» ብላችሁ የት ቦታ እጅ ከፍንጅ ተያዛችሁ? እስኪ ጻፉ፤ ብቻዬን መሳቂያ አታድርጉኝ።