በጩኸት ሰዓት የታየ ቤት

ሥራዬን ለሀገሬ ሰዎች በስልክ ማስረዳት ስለከበደኝ ትቼዋለሁ። እናቴ ከጎጃም ደውላ «ምን እየሠራሽ ነው?» ስትለኝ «መጋረጃ እሰፋለሁ» እላታለሁ። ውሸት አይደለም፤ የጀመርኩት በመጋረጃ ነው። አሁን የምሠራው ግን ሊሸጥ የቀረበን ቤት፣ ገዢ ሳያየው በፊት ማሰናዳት ነው። የተዝረከረከውን አነሳለሁ፣ ግድግዳውን አስቀባለሁ፣ የራሴን ወንበሮችና ምንጣፎች አምጥቼ አስገባለሁ። ቤቱ ሲሸጥ ዕቃዬን አስጭኜ እመለሳለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ደላላ «ቤት የምትድር ሴትዮ» ይለኛል። ሲቀልድ ነው የሚለኝ፤ ሲናደድም ያንኑ ነው የሚለኝ።

የቤት ገበያው ሞቅ ባለበት ጊዜ እኔን የሚፈልግ አልነበረም። መርካቶ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው ካርታውን ያያል፣ ቦታውን በእርምጃ ይለካል፣ ይገዛል። ብዙውን ጊዜ አፍርሶ ሊሠራው ስለሆነ ውስጡ ምን እንደሚመስል ግድ አይሰጠውም ነበር። ገበያው ሲቀዘቅዝ ግን ገዢ ፋታ አገኘ። ዛሬ አንዱን ያያል፣ ነገ ሌላውን። ብቻውን ያየውን ከሚስቱ ጋር ተመልሶ ያያል፣ ከዚያ ደግሞ እናቱን ይዞ ይመጣል። ካያቸው ቤቶች ሁሉ ማታ ትራሱ ላይ ጋደም ሲል ትዝ የሚለው አንዱ ብቻ ነው። የእኔ ሥራ ቤቱን ያ ትዝ የሚለው ማድረግ ነው። ከዚያ ያለፈው በእግዚአብሔር እጅ ነው።

ሥራውን ስጀምር የንስሐ አባቴን ጠይቄያቸው ነበር። ቤት ማሳመር ምንም አይደለም፣ ጉድለቱን መደበቅ ግን ሰው ማታለል ነው አሉኝ። ስለዚህ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ኮርኒስ አላስቀባም፤ ወይ ጣሪያው ይጠገናል፣ ወይ እድፉ ይታያል። የሻገተ ግድግዳ ፊትም ቁም ሣጥን አላስጠጋም። ደላላው በዚህ ምክንያት ከእኔ ጋር ሁለተኛ ላይሠራ ስንት ጊዜ እንደማለ መቁጠር ትቻለሁ፤ ሲምልም መሐላውን ሲተውም ኖረናል።

አሁን የማወራው ቤት መርካቶ ውስጥ፣ ከጎጃም በረንዳ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ጎጃም በረንዳ ሲባል ለእኔ የቀረበኝ ይመስል ይሆናል፤ ከሀገሬ የሚመጣው እህልና ማር ግን እዚያ የሚደርሰው በጆንያና በጄሪካን ነው፣ አገሩ ራሱ አብሮ አይመጣም። ቤቱ የድሮ ነው። ምድር ቤቱ የድንጋይ መጋዘን ሲሆን መስኮት የለውም። ከላይ ሦስት ክፍሎች አንዱ ከሌላው ጀርባ ተሰልፈዋል። የፊተኛው ወደ መንገድ ያያል፣ መካከለኛው በኮሪደር ወደ ኋላ ያሳልፋል፣ የመጨረሻው ጓዳ ደግሞ ከጎረቤት መጋዘን ወፍራም የድንጋይ ግንብ ጋር ተጣብቋል። ወደ ላይ የሚወስደው ደረጃ እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ነው።

የቤቱ ባለቤት አንዲት የስልጤ እናት ናቸው፤ ባላቸው በሕይወት ሳሉ ምድር ቤቱ ውስጥ ቅመማ ቅመም ያከፋፍሉ ነበር። እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ቢጠገንም ደረጃ መውረድ አይችሉም። ኮልፌ ያለችው ታናሽ እህታቸው ከአጥሯ ቀጥሎ ያለ፣ ደረጃ የሌለው ትንሽ ቤት ሊሸጥ መሆኑን ሰምታ ባለቤቱን ለምናዋለች። እሱም ክረምት እስኪገባ እጠብቃለሁ ብሏል። የመርካቶው ካልተሸጠ የኮልፌው አይገዛም። የኮልፌው ከሄደ ደግሞ እማማ እዚያው ላይ እንደተቀመጡ መቅረታቸው ነው።

«እስከዚያ በሰው ሸክም ወርደው፣ ነፋስ እንኳ ቢያገኝዎት?» አልኳቸው በመጀመሪያው ቀን።

«ወርጄ መልሰው ወደ ላይ ሊሸከሙኝ?» አሉ። «አልፈልግም። አንዴ ከወረድኩ ወረድኩ ነው።»

ቤቱ ሳይሸጥ ከረመ። ደላላው የሚያሳየው እሑድ እሑድ ነበር። እሑድ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፣ ጋሪ የለም፣ መኪና ማቆሚያ ይገኛል። ገዢ እሑድ አይቶ ይወደዋል፣ ነገ እደውላለሁ ይላል። አንደኛው ሰኞ ዕለት ለራሱ ጉዳይ በዚያ ሲያልፍ ደረጃው ሥር ቆሞ ወደ ላይ አየ። እማማ በመስኮት አይተውታል። ሞንታርቦ የሚያስጮኸውን ሱቅ አየ፣ ጋሪ የሚገፉትን አየ፣ ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ሌላዋም እንደዚሁ ሆነች።

እኔ ስገባ መጀመሪያ የሠራሁት የፊተኛውን ክፍል ነበር። ግድግዳውን ነጣ ባለ ቀለም አስቀባሁ፣ ድርብ መጋረጃ ሰቀልኩ፣ ሁለት ባለመደገፊያ ወንበሮቼን አስገባሁ። ጓዳው የድሮ ሚዛን፣ ባዶ ጆንያና የተሰባበረ መደርደሪያ ታጭቆበት ነበር። መሀሉ ላይ ብቻ ለአንድ ምንጣፍ የሚሆን ቦታ ተጠርጓል። እማማ በምርኩዝ እየተደገፉ መጥተው ወንበር ላይ ሆነው የሚሰግዱት እዚያ ነው።

«ከፊት ያለው ብርሃን አለው፤ ለምን እዚያ አይሰግዱም?» አልኳቸው።

«ብርሃን ምን ያደርግልኛል? የምቀራውን በቃሌ ነው የማውቀው» አሉ።

መልሱ አልገባኝም። የጓዳውን ግድግዳ ልለካ ገብቼ በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። ሜትሩን ዘርግቼ ሳለሁ የሆነ ነገር የቀረ መሰለኝ። ጆሮዬ የተደፈነ መስሎኝ ጣቴን ከተትኩበት። ከዚያ በሩን ስከፍት ጋሪው፣ ጡሩምባው፣ ሞንታርቦው፣ ሁሉም ባንዴ ገቡ። ዘጋሁት። እንደገና ዝም አለ። በገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ ከቅዳሴው በኋላ ሰው ሁሉ ሲወጣ የሚቀረውን ዓይነት ዝምታ ነበር። እዚያው ቆሜ ለመለካት የመጣሁትን ረሳሁት።

በማግሥቱ ሚዛኑንና ጆንያውን አስወጣሁ። ጓዳውን መኝታ ቤት አደረግኩት፦ አንድ አልጋ፣ አንድ ዝቅ ያለ መብራት። የእማማን ምንጣፍና ወንበር በቦታቸው ተውኳቸው።

ደላላው ገዢ አገኘሁ ብሎ መጣ። ዱባይ ተራ ጫማ የሚያከፋፍሉ ባልና ሚስት ናቸው። የሚኖሩት ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ነው፤ መመላለሱ አንገሽግሿቸዋል።

«እሑድ እናሳያቸዋለን» አለ።

«እሑድ እኔ ቤተ ክርስቲያን ነኝ።»

«ከቅዳሴ በኋላ ነዋ! ማን ከቅዳሴ ቅሪ አለሽ?»

«ከቅዳሴ በኋላም ሰንበት ነው። ደግሞ እሑድ ምኑን ነው የምታሳያቸው? መርካቶ ተኝቶ? ሐሙስ፣ ገበያው በደራበት ሰዓት ይምጡ።»

«ጤነኛ ነሽ? ጩኸቱን ልትሸጪላቸው ነው?»

«ሰኞ የሚሰሙት ጩኸት ነው። ሐሙስ ይስሙት።»

«እንግዲህ አንቺ ልትጸድቂ እኔ ልራብ!»

እማማ ከተቀመጡበት «እሑድህን ሞክረህ አየነው» አሉት። «አሁን ደግሞ ሐሙሷን ትሞክር።»

ሐሙስ ከረፋዱ እንዲመጡ ነበር የተባባልነው። መንገድ ተዘጋግቶ ቆይተው ቀትር ላይ ደረሱ። ባልየው ዝምተኛ ነው፤ ገና ሳይገባ የደረጃውን እንጨት በእግሩ እየረገጠ ይፈትሻል። ሚስቱ ደረጃውን ወጥታ ስትጨርስ አንድ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነበር።

«ኧረ ምን ጉድ ነው! ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ስንጮህ ውለን፣ ማታ ደግሞ እዚህ መጥተን ልንጮህ?»

«ይለመዳል እህቴ» አለ ደላላው። «ቦታውን ነው ማየት። መጋረጃውን እዪልኝ፣ ድርብ ነው። ወንበሩን እዪው። ይሄ ቤት እኮ ቢናገር...»

«ቤቱማ የት ፋታ አግኝቶ ይናገራል፤ አንተ እያለህ» አለችው።

ባልየው ፈገግ አለ። ደላላው ግን አላቆመም። ስለ ውኃው ተናገረ፣ ስለ መብራቱ ተናገረ፣ የእሱን ድምፅ ከመንገዱ ድምፅ በላይ ለማድረግ እየጮኸ ተናገረ። ኮሪደሩን ስናልፍም እየተናገረ ነበር። ያኔ ሥራዬ እንደተበላሸ ገባኝ። ጓዳውን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት በሩን ዘግቼ ዝም ብለው እንዲቆሙ ነበር፤ ይህ ሰውዬ አፉን ካልዘጋ ግን ዝምታው አይሰማም።

ከኋላችን የኮሪደሩ በር በራሱ ተዘጋ። የጓዳው በር ገርበብ ብሎ ነበር። እማማ ወንበራቸው ላይ ሆነው የቀትሩን የዙሁር ሰላት ጀምረዋል። ሰዓቱ እንደደረሰ ማናችንም ልብ አላልንም።

ደላላው «እማማ፣ አንዴ...» ብሎ እጁን ወደ በሩ ሲልክ ክንዱን ያዝኩት። በሥራ ዘመኔ የወንድ ክንድ ስይዝ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«እየሰገዱ ነው» አልኩት በለሆሳስ።

«ሰዎቹ ይቸኩላሉ እኮ።»

«ይጠብቃሉ» አለ ባልየው። እሱም በለሆሳስ ነው የተናገረው።

አራታችንም ጠባቡ ኮሪደር ውስጥ ቆምን። መናገር አይቻልም፣ ወደ ኋላ መመለስም ነውር ነው። የእማማ ትንፋሽና በከንፈር የሚሉት ብቻ ይሰማል። ሚስትየዋ መጀመሪያ ሰዓቷን አየች፣ ከዚያ ጫማዋን። ቀጥሎ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ወደ ባሏ ዞር ብላ፦

«ገበያው ተዘጋ እንዴ?» አለችው።

ባልየው ወደ ኋላ ሄዶ የኮሪደሩን በር ከፈተ። የጋሪ ጎማ፣ «ዞር በል! ዞር በል!»፣ የሞንታርቦው ዘፈን ገባ። ዘጋው። ቆየት ብሎ እንደገና ከፈተ፣ እንደገና ዘጋ። መብራት ማብሪያ እንዳገኘ ሕፃን ነበር የሚመስለው። ደላላው አፉን ከፈተ፤ እኔ አየሁት፤ መልሶ ገጠመው።

እማማ ሰላታቸውን ሲጨርሱ ፊታቸውን ወደ ቀኝ ከዚያም ወደ ግራ አዞሩና አዩን።

«በሞቴ፣ ቆማችሁ ጠበቃችሁኝ? ግቡ፣ ግቡ እንጂ።»

ሚስትየዋ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ለገዢ ያንን አንፈቅድም፤ እሷን ግን ተውኳት።

«እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ማታ ማታ እንዴት ነው?»

ደላላው ሳል ያዘው።

«ከፊት ባለው ክፍል?» አሉ እማማ። «እዚያማ አይተኛም። መኪና የሚያራግፈው ሌሊት ነው። ወዛደሩ ይሳደባል፣ ሾፌሩ ይሳደባል፤ የስድብ ዓይነት ሁሉ የተማርኩት እዚያ መስኮት ላይ ነው። እዚህ ግን ልጆቼን ሁሉ አሳድጌ አንድም ቀን በጩኸት የተነሣ አልቅሶ የነቃ የለም። ያን ግንብ አየሽው? ከዚያ ወዲያ ያለው የሰው መጋዘን ነው፤ መጋዘን አይናገርም።»

«ደረጃውስ?» አለ ባልየው።

«ደረጃው ክፉ ነው። እኔን የሰበረኝ እሱ ነው። ስትገባ መጀመሪያ እሱን አሠራ።»

ደላላው ግንባሩን በመሀረብ ጠረገ። ወደ እኔ ዞሮ «አለቀልን» አለኝ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ። ባልየው ግን ጓዳውን በእርምጃ መለካት ጀምሮ ነበር፤ ሚስቱ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሊዋዋሉ መጡ። ከፊት ያለውን ክፍል የጫማ ማከማቻ ሊያደርጉት ነው። ስለ ድርብ መጋረጃዬ ማንም ቃል አላነሳም።

እማማ የወጡት ሰማዩ ማጉረምረም በጀመረበት ሰሞን ነው። እህታቸው ከመኪናው ጋር መንገድ ላይ ትጠብቃለች። ለመሸከም የሚመች ወንበር ሲፈለግ ከባለመደገፊያዎቼ አንዱን ሰጠሁ። ሁለት ወዛደሮች ከፊትና ከኋላ ያዙት።

«ቀስ! እንደ ጆንያ አታዘንብሉኝ!»

«እማማ፣ ጆንያ ይሻለን ነበር» አለ የኋላው። «ጆንያ አይናገርም።»

«እንደ እኔ ያለውን ሸክም ባሌ በቀን ስንቴ ያወጣ ነበር መሰለህ? ና፣ ውረድ፣ ግራ እግርህን አስቀድም!»

ደረጃውን ከጨረሱ በኋላ ወደ መኪናው ሊወስዷቸው ሲሉ እማማ የወንበሩን እጀታ መቱ።

«አስቀምጡኝ።»

«እዚህ? መሀል መንገድ እኮ ነው።»

«መሀል መንገድ መሆኑን እኔም አያለሁ። አስቀምጡኝ።»

አስቀመጧቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። በርበሬ የጫነ ጋሪ ከታች መጥቶ ቆመ፣ ከኋላው ሌላ ጋሪ፣ ከዚያ ወዲያ የጭነት መኪና።

«እማማ፣ ዞር በሉልን!» አለ ባለጋሪው።

«አንተ ዞር በል። እኔ አሁን ገና ነው የወረድኩት።»

እህታቸው «ኧረ ሰው ምን ይለናል!» እያለች ክንዳቸውን ትስባለች። ደላላው ባለጋሪውን ሊለምን ሄደ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ያጠረው መሰለኝ። እኔ መጋረጃዬን ላወርድ ወደ ላይ ወጣሁ። ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ከዘንጉ ሳወጣ ታች ጡሩምባው ያለማቋረጥ ይጮኻል። እማማ ወንበሬ ላይ ናቸው፤ አልተነሡም።