ባዶ ያልኳቸው ቀኖች

መብራት በፈረቃ በሆነበት ዓመት ፍኖተ ሰላም ላይ የኃይል አጠቃቀም መመሪያ አርቃቂ ቡድን መሪ ነበርኩ። ስሙ ረጅም ነው፤ ቡድኑ ግን እኔ፣ አንድ ቴክኒሽያንና ግማሽ ቀን የምትሠራ ጸሐፊ ነበርን። ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ሠልጥኜ "ተለዋዋጭ የኃይል አጠቃቀም" የምትል ሐረግ ይዤ ተመልሻለሁ፤ በየስብሰባው ካልተናገርኳት ቀኑ የዋለ አይመስለኝም። ሐሳቡ ራሱ መልካም ነበር፣ ዛሬም አምንበታለሁ። ኃይል ሲያጥር ሰውን በጨለማ ከመቅጣት ይልቅ ሥራውን ኃይል ወደሚተርፍበት ቀን ማዛወር ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

የኛን መስመር የሚጥሉት ወፍጮዎች ነበሩ። ከፍኖተ ሰላም እስከ ማንኩሳ፣ ከዚያም ወደ ቡሬ ባለው መንገድ ዳር ያሉት ሁሉ አንድ ላይ የተነሱ ቀን የከተማው አምፖል ቀልቶ ቀልቶ ድርግም ይላል። የጤና ጣቢያው የክትባት ማቀዝቀዣም አብሮ ይቆማል። ሰው በየመንገዱ እኔን እያስቆመ ነው የሚወቅሰኝ፣ የግድቡን በር የዘጋሁ ይመስል። ግልፍተኛ ስለሆንኩ እኔም መልስ አላጣም ነበር። ብቻ አንድ ቀን በቃኝ አልኩና ወደ ማከፋፈያ ጣቢያው ሄጄ የዓመቱን የጭነት መዝገብ ተሸክሜ መጣሁ።

ተረኞቹ በየሰዓቱ ምን ያህል ኃይል እንደወጣ የሚጽፉበት ትልልቅ መዝገብ ነው። ቀኑ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር፤ ዕቃውም ቅጹም ከውጭ ሲመጣ እንደዚያ ስለሆነ ማንም ልቀይረው ብሎ አያውቅም። እኔ ቁጥሩን ሁሉ በካሬ ወረቀት ላይ እያወጣሁ ነጥብ በነጥብ ሳያይዘው አንድ ነገር አየሁ። በየወሩ ሦስት ጉድጓድ አለ። እሑድማ እሑድ ነው፣ እሱን አውቀዋለሁ፤ እነዚህ ግን የሥራ ቀኖች ናቸው፤ ጭነቱ ግን ከእሑድም ይብሳል፣ ዝቅ ብሎ ይውላል። ከእያንዳንዱ ጉድጓድ በፊት ደግሞ አንድ ጉብታ አለ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ጉድጓዶቹን "ባዶ ቀን"፣ ጉብታዎቹን "ከባድ ቀን" ብዬ ሰየምኳቸውና ጉብታውን ጉድጓዱ ውስጥ መድፋት ነው አልኩ። ወፍጮዎች በከባድ ቀን አይሠሩም፤ በምትኩ በባዶ ቀን ከጥዋት እስከ ማታ የማይቆራረጥ ኃይል ያገኛሉ። መመሪያዬ ይኸው ነበር።

አንቀጽ ሰባት፣ በከባድ ቀን የፈጨ ወፍጮ መስመሩ ለአንድ ወር ይቆረጣል ይላል። ማስጠንቀቂያ የለም፤ ማስጠንቀቂያ ሰው ያበላሻል ያልኩት እኔ ነኝ። አንቀጽ ስምንት ደግሞ ከወሩ በፊት መስመሩ የሚመለሰው የመሥሪያ ቤቱ ስህተት በጽሑፍ ሲረጋገጥ ብቻ ነው ይላል። ይቺን የጻፍኳት ለወጉ ነበር።

መስከረም ላይ ባለወፍጮዎቹን ሰብስበን ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩላቸው። ከመካከላቸው አንዲት ሴት ነበሩ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የማንኩሳውን ትልቁን ወፍጮ ብቻቸውን የሚያሠሩ። እኔ እትዬ ነው የምላቸው። አባቴ በሳቸው ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ስለነበሩ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል። ብድግ ብለው ቀኖቹን በምን እንደመረጥናቸው ጠየቁ። በሳይንስ ነው አልኳቸው። ቤቱ ሳቀ፣ እሳቸው ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤው ላይ "ጥያቄ ተነሥቶ ማብራሪያ ተሰጥቶበታል" ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ። ከዚያ እጅ ይውጣ ተባለ፣ ሁሉም አወጣ። ጸሐፊያችን ቀኖቹን ወደኛ አቆጣጠር ለውጣ ማስታወቂያውን ተየበችው፤ እኔም ሳላነብ ፈረምኩ።

ጥቅምት አሥራ አንድ የመጀመሪያው ከባድ ቀን ነበር። ወፍጮ ሁሉ ቆመ። የከተማው አምፖል ቀኑን ሙሉ ንቅንቅ አላለም፤ እኔም በዋናው መንገድ እንደ ሙሽራ ስንጎራደድ ዋልኩ። በማግስቱ ባዶው ቀን መጣ፣ ኃይሉ ሞልቶ ተለቀቀ፣ አንድም ወፍጮ አልተነሣም። መዝገቡ ላይ ጉድጓዱ እንደ ወትሮው ጉድጓድ ነው። በሪፖርቴ ላይ ምን ብዬ ብጽፍ ጥሩ ነው? "የግንዛቤ እጥረት ታይቷል።" ጥቅምት ሃያ ደግሞ ሁሉም ቆሞ አንድ ወፍጮ ብቻ ሲፈጭ ዋለ፣ የማንኩሳው። እትዬ ናቸው። ስልክ ሲደወልልኝ አላመነታሁም፣ አንዱ ካልተቀጣ ሌላው አይማርም አልኩ። በማግስቱ ቴክኒሽያኑ ሄዶ መስመራቸውን ቆረጠው።

እትዬ ሦስት ቀን ቆይተው ቢሮዬ መጡ። ወንበር ሳብኩላቸው፣ አልተቀመጡም። ከነጠላቸው ጫፍ ማስታወቂያውን ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

"ጮክ ብለህ አንብበው" አሉኝ።

ማንበብ ጀመርኩ። ወፍጮ በወሩ አሥራ አንድ፣ ሃያና ሃያ ስምንት ቀን አይሠራም። በወሩ አሥራ ሁለት፣ ሃያ አንድና... እዚህ ላይ ቆምኩ። ሚካኤል። ማርያም። በዓለ ወልድ። የመሪጌታ ልጅ ነኝ እኮ! በነዚህ ቀኖች እንጨት ስፈልጥ ብገኝ አባቴ ጆሮዬን ይዘው ነበር ወደ ቤት የሚያስገቡኝ። ባዶ ያልኳቸው ቀኖች ባዶ የሆኑት አገሩ በዓል ስለሚያከብር፣ ወፍጮም ስለማይነሣ ነው። ከባድ ያልኳቸውም ዋዜማዎቹ ናቸው፤ ነገ አይፈጭምና ሰው ሁሉ ዛሬ እህሉን ጭኖ ይመጣል። እኔ ገበሬውን በዋዜማው አትፍጭ፣ በበዓሉ ፍጭ ብዬ አዝዣለሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር ሃያ ሁለትና ሠላሳ አንድ እያልኩ ሳይ ሚካኤልን ፊት ለፊት እያየሁት አላወቅሁትም። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

እትዬ ቆመው አስረዱኝ። ሌላው በዓል በየደብሩ ይለያያል፣ እነዚህን ሦስቱን ግን የማያከብር የለም። ጥቅምት አሥራ አንድ ታዘው አቁመው ነበር፤ አህያ ጭነው ከሩቅ የመጡ ሴቶች እህላቸውን እንደጫኑ ሲመለሱ አዩ። ሃያ ላይ ግን በማግስቱ የማርያም ማኅበር የምታወጣ ሴት በር ላይ ስትቆምባቸው እምቢ ማለት አልሆነላቸውም። ይህን ሁሉ ሳይቆጡ ነበር የነገሩኝ፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

"አሁን አንድ ነገር ንገረኝ" አሉ። "አውቀህ ነው ሳታውቅ?"

ጥያቄው ለሳቸው ትልቅ እንደሆነ ገብቶኛል። በነዚያ ዓመታት በየቀበሌው ስብሰባ በዓል በዛ፣ ሥራ ተፈታ እየተባለ ገበሬው ይወቀስ ነበር። ሰው ሁሉ ማስታወቂያዬን ያየው በዚያ ዓይን ነው፤ በኋላ እንደነገረችኝ ጸሐፊያችንም ብትሆን ሆን ብዬ ያደረግሁት መስሏት ነው ዝም ያለችው። አውቄ ነው ብል ከሃዲ ነኝ። ሳላውቅ ነው ብል ያ ሁሉ ሳይንስ ምን ይሆናል? እትዬ መልሴን እየጠበቁ ናቸው።

"እናየዋለን እትዬ" አልኳቸው። ወረቀቱን አጥፈው ነጠላቸው ውስጥ ቋጠሩና ሄዱ።

መስመራቸውን ለመመለስ የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት ነበር፤ ቀኖቹን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ተሳስቻለሁ የሚል። ራሴ የጻፍኩት አንቀጽ ስምንት ከዚህ ሌላ መንገድ አይሰጥም። ለኃላፊዬ ነገርኳቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ መመሪያው ግን ምርጥ ተሞክሮ ተብሎ ወደ ክልል ተልኳል፣ ሊጎበኙንም ይመጣሉ። አንድ ወር ምን አላት፣ ዝም ካልከው ያልፋል፣ ቀኖቹን ደግሞ ቀስ ብለን እናስተካክላለን አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። እፎይ ብዬ ነው የወጣሁት።

ሁለት ሳምንት ያህል እንዲሁ አለፈ። አንድ ቀን ለሥራ ወደ ቡሬ ስሄድ አውቶቡሱ ማንኩሳ ላይ ሰው ለማውረድ ቆመ። የእትዬ ወፍጮ ቤት በር ተዘግቷል። በደጁ የሚያልፉት ሴቶች አህዮቻቸውን እየነዱ ወደ ታች፣ ማዶ ወዳለው የናፍጣ ወፍጮ ይወርዳሉ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ ዱቄቱ ናፍጣ ናፍጣ ይላል፣ ግን ምን ይደረግ፣ የሴትየዋ መብራት ተቆርጧል ብሎ አጫወተኝ። ማን እንደቆረጠው አያውቅም። ደግሞ የጤፍ ወቅት ነው የሚመጣው፤ ደንበኛ አንዴ እግሩን ካነሣ እንደማይመለስ እሱም እኔም እናውቃለን። ቡሬ እስክደርስ መስኮት መስኮቱን እያየሁ ሄድኩ።

በሳምንቱ ግምገማ ነበር። ግምገማ ላይ ሰው ሁሉ ግለ ሂስ ያወርዳል፤ አንዱ ሰዓት አላከብርም ይላል፣ አንዱ በትንሽ ነገር እቆጣለሁ ይላል፣ ይጻፍለታል፣ ይቀመጣል። ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ጉድጓዱን፣ ጉብታውን፣ ሚካኤልን፣ የእትዬን መስመር። ከዚያ አንዱ እጁን አውጥቶ ይህ የአቅም ችግር ነው ወይስ የአመለካከት ብሎ ጠየቀ። በዚህች ላይ ብቻ እስከ ምሳ ሰዓት ተከራከሩብኝ። ኃላፊዬ አንገታቸውን እንደደፉ ነበር። ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ቆይቶ ኅዳር ሃያ ከሰዓት በኋላ ተፈረመ፤ ወሩ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው።

የኋላውን ላስቀድምና፣ የተሻሻለው መመሪያ ሠርቷል። በዋዜማ ወፍጮዎች በሰዓት ተከፋፍለው እንዲፈጩ አደረግን፤ በዓል የማያከብረውን የከተማውን የውኃ ፓምፕ ደግሞ በዋዜማ አሳርፈን በበዓሉ ቀን ጋኑን እንዲሞላ አዘዝን። አምፖሉ መቅላት ተወ፣ ማቀዝቀዣውም መቆሙ ቀረ። የምስክር ወረቀት ሁሉ ተሰጥቶኛል፣ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። የእትዬ ደንበኞች ግን ግማሾቹ ከናፍጣው ወፍጮ ሳይመለሱ ቀሩ።

ወረቀቱ በተፈረመ ማግስት በጥዋት መኪና ለምኜ ቴክኒሽያኑን ይዤ ወደ ማንኩሳ ገሰገስኩ። ሌላ ሐሳብ በልቤ አልነበረም፤ ዛሬ አስነሣላቸዋለሁ ብቻ ነው። በመንገዱ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ይተማል። ማን ሞቶ ነው ብዬ ቴክኒሽያኑን ብጠይቀው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ስንደርስ እትዬ የሉም። ቴክኒሽያኑ ምሰሶው ላይ ወጥቶ መስመሩን ቀጠለ፣ ቆጣሪውን አየን፣ ኃይሉ ደርሷል። በራፋቸው ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅናቸው።

ከሴቶች ጋር ሆነው ነጠላቸውን አመሳቅለው መጡ። ሽቦውን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ሮጬ ተቀበልኳቸው፤ ደስታዬ ከአፌ ሊያመልጥ ደርሷል።

"መጥቷል እትዬ፣ ያስነሡት!"

"ዛሬ?" አሉኝ።

"ዛሬ እንጂ። አንድ ቀን እንኳ አናሳድረውም" አልኳቸው።

ሴቶቹ ቆሙ። ቴክኒሽያኑ አንገቱን ደፍቶ ሽቦ መጠቅለል ጀመረ፤ እሱ ከጥዋቱ ያውቅ ኖሯል። እትዬ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ጠጋ አሉኝ።

"ዛሬ ኅዳር ጽዮን ናት" አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኅዳር ሃያ አንድ ነው። መመሪያው ላይ ሃያ አንድን በገዛ እጄ ሰርዤ ደልዤ ካስተካከልኩ ገና ሳምንቴ ነው። እትዬ ወፍጮ ቤታቸው ደፍ ላይ ቁጭ አሉ። በጣም እንደደከማቸው ያስታውቁ ነበር።

"በቃ፣ የጠየቅሁህን መለስክልኝ" አሉ። "ሳታውቅ ነው።"

"አዎ እትዬ፣ ሳላውቅ ነው" አልኩ።

"ወር ሙሉ አውቆ ነው እያልኩ ስቀየምህ ነበር" አሉኝ፣ ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ። "የመሪጌታ ልጅ ማርያምን ከሚረሳ፣ አውቀህ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።"

ከዚያ ቀና ብለው ቴክኒሽያኑ እጁን የሚታጠብበት ውኃ እንዲያመጡለት ሴቶቹን አዘዙ። ወፍጮውን በማግስቱ በጥዋት ራሳቸው አስነሡት።