ፈረሱ የሚቆምባቸው ደጆች

የአባቴ አርባ በወጣ ማግስት ፈረሱን ልሸጠው ወሰንኩ። ስጨነቅበት የከረምኩት ነገር አልነበረም። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ መጣልኝ፣ ፎጣውን ሳላስቀምጥ ወስኜ ጨረስኩ። ገዢው የዳንግላ ሰው ነው፤ ጋሪ ያሠራል። "ሰኞ መጥቼ እወስደዋለሁ" አለኝ በስልክ፤ እኔም እሺ አልኩት። ለእናቴ ስነግራት ከምትለቅመው ምስር ቀና ሳትል "አንቺ ካልሽ" አለች።

የእኛን አገር ለማያውቅ ሰው ይህ ተራ ሽያጭ ነው። እኛ ዘንድ ግን ኮርቻ የለመደ ፈረስ ጋሪ አይገባም። ባለቤቱ ሲሞት ልጁ ይቀመጥበታል፣ ልጅ ባይኖር የወንድም ልጅ ይወስደዋል። አባቴ ያለ እኔ ልጅ የለውም፤ እኔ ደግሞ እንጅባራ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ፣ ወደ ሥራ የምሄደው በባጃጅ ነው። አባቴ ዳንግላ በሄደ ቁጥር ጭነት የሚጠብቁትን የጋሪ ፈረሶች ሲያይ ፊቱን ያዞር ነበር። አንገታቸው ላይ ያለውን የተላጠ ቁስል ማየት አይችልም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እሺ ያልኩት። ማወቄ ምንም አላለኝም።

የቀብሩም ዕለት እንዲሁ ነበርኩ። ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ እንደ በዓል ቀን ተሸልሞ ለቀስተኛው መሐል ይቀርባል፤ ግላስ ይለብሳል፣ ጌጡ ሁሉ ይታሰርለታል፣ ኮርቻው ላይ ግን ማንም አይወጣም። አንድ ሰው እየሳበ ያዞረዋል። ያን ባዶ ኮርቻ ያየ ሰው አልቃሽ አያስፈልገውም። አባቴን ከነመኖሩ የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ደረታቸውን ሲመቱ አይቻለሁ። እኔ ያየሁት የኮርቻው ማሰሪያ ከፈረሱ ሆድ ሥር መጠማዘዙን ነው። "ይህ ቆዳውን ይልጠዋል" ብዬ አሰብኩ፤ ሌላ ምንም አላሰብኩም። አክስቴ ትከሻዬን ይዛ "አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ ይውጣልሽ" አለችኝ። እንዲወጣ መጀመሪያ ውስጤ መኖር አለበት።

ከዚያ ወዲህ ምግብም ጣዕሙ ጠፋኝ። አፌ ጥርሱን በመርፌ አደንዝዘው እንደነቀሉለት ሰው አፍ ሆነ። እበላለሁ፤ ሰው ሲበላ አይቼ እበላለሁ።

አባቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት እንግዳ ያዞር ነበር። ለሥራው ሌላ ስም አላወጣለትም፤ "እንግዳ ላዞር ነው" ይላል፣ ይሄዳል። ከሆቴላችን የምልክለትን ሰው ፈረስ ላይ ያወጣና ከቤታችን ተነስቶ በገጠሩ በኩል እስከ ዘንገና ሐይቅ ይወስደዋል። በየመንገዱ የሚያውቃቸው ቤቶች ደጅ እየቆመ የቤቱን ያስቀምሰዋል። ከመሞቱ በፊት ቃል የገባላቸው አንድ ባልና ሚስት ከአዲስ አበባ ደወሉ። መሞቱን ስነግራቸው ደንግጠው "በቃ ይቅር፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሉ። "ኑ፣ እኔ አዞራችኋለሁ" አልኳቸው። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። እምቢ ማለት ከእሺ የበለጠ ወሬ ስለሚያስፈልገው ይሆናል።

ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ለእነሱ ሁለት ፈረስ ከጎረቤት ወሰድኩ፣ እኔ በአባቴ ዳማ ፈረስ ላይ ወጣሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እጋልባለሁ፤ እግሬ እርካቡን ሳይፈልግ አገኘው። ባልየው ወፍራምና ሳቂታ ነው፣ ፈረሱን "ወንድሜ" እያለ ይለምነዋል። ሚስትየዋ ልጓሙን በሁለት እጇ እንደ መኪና መሪ ጨብጣለች። በዲከረንሱ መሐል አለፍን፤ ለከሰል የሚተከለው ዛፍ ነው፣ ዛሬ ከእህሉ ይልቅ እሱ በዝቷል። የከሰል ጭስ ሜዳው ላይ ተኝቷል። ሚስትየዋ "እንዴት ያምራል!" አለች። "አዎ" አልኳት።

መንገዱን የመራሁት እኔ ነኝ ብል ውሸት ነው። ዳማው ነው የመራን። አባቴ ይቆም የነበረበት ደጅ ሲደርስ ሳልነካው ይቆማል፤ ሲበቃው ይሄዳል። መጀመሪያ የቀርከሃ አጥር ያለው ቤት ደጅ ላይ ቆመ። ሰላምታዬን ሳልጨርስ የቤቱ እመቤት ከውስጥ "ውረዱ! ውረዱ!" እያሉ ወጡ። በእኛ አገር ፈረሰኛ ደጅ ላይ ቆሞ ሰላም ካለ ባለቤቱ "ውረድ" ይለዋል፤ ወርዶም ሳይቀምስ አይሄድም። ውረድ ካልተባለ አይወርድም። የተቀቀለ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር በሰፌድ ቀረበ። አባቴ ለእንግዳ የሚለውን አልኩ፦ "ድንቹ ከነልጣጩ ነው የሚበላው፤ መላጥ የከተማ ሰው ሥራ ፍለጋ ነው።" ሳቁ። ባልየው ሚጥሚጣውን አብዝቶ ዓይኑ እስኪያነባ ሳለ። እኔም ከእሱ ያላነሰ ነክሬ ጎረስኩ። ምንም አላቃጠለኝም።

ቀጥሎ ባለው ደጅ በሶ በማር በጥብጠው ሰጡን፤ ከዚያ በሌላው ቤት የገብስ እንጀራ በሰናፍጭ፣ በትልቅ ጣሳም ጠላ። በየቤቱ ስለ አባቴ አነሱ፣ በየቤቱ "ነፍስ ይማር" ተባለ፤ እኔም በየቤቱ አንገቴን ደፋሁ። ሚስትየዋ እያንዳንዱን ስትቀምስ ዓይኗን ትጨፍናለች። የምትቀምሰውን ነገር እኔም እንደ እሷ ለማግኘት አንድ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ። ጨለማ ብቻ ነው ያገኘሁት።

ሐይቁን አይተን ስንመለስ መንገዳችን ከገበያው መንገድ ጋር ተገናኘ። ቤታችን ሊታይ አንድ ዳገት ሲቀረን ዳማው አባቴ ይቆምበታል ብዬ በማላውቀው ደጅ ቆመ። በእርካቡ ነካሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ልጓሙን ሳብኩት፤ ጆሮውን ወደ ቤቱ አቀና እንጂ አልሰማኝም። "ይሄኛውስ ቤት ምን ያቀምሰናል?" አለ ባልየው በጉጉት። ከቤቱ ፊት መደብ ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ ያኔ አየኋቸው።

በአካባቢው የማያውቃቸው የለም። በጉግስ አንድ ዓይናቸውን ያጡ ሰው ናቸው፤ ዘንጉን የወረወረው አባቴ ነው። እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ነው አሉ። ጉግስ ጨዋታ ነው፣ በጉግስ የተጎዳ አይከስም፣ ካሳ አይጠይቅም፣ ቂምም አይዝም። ሕጉ ይህ ስለሆነ ሽማግሌ አልተቀመጠላቸውም። ቂም በሌለበት ማን ማንን ያስታርቃል? ስለዚህ ማንም ሳያስታርቃቸው ኖሩ፣ አንዱም ሞተ።

"እንደምን ዋሉ አባባ" አልኩ ከኮርቻው ላይ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ። ፈረሱ እንደቆመ ነው። ውረዱ አላሉንም፤ እንግዶቼ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያሉ።

"ይቅርታ፣ እሱ ነው የቆመው፣ እኔ አይደለሁም" አልኩ።

"አውቃለሁ" አሉ። "እዚህ መቆም የለመደ ነው። አባትሽ ከገበያ ሲመለስ እዚህ ሳይቆም አያልፍም ነበር። 'እንደምን ዋልህ' ይለኛል። 'እግዚአብሔር ይመስገን' እለዋለሁ። እሱ ኮርቻው ላይ፣ እኔ እዚችው መደብ ላይ። ውረድ እስክለው ይጠብቃል፤ እኔም ዛሬስ እለዋለሁ እላለሁ። ቃሉ እዚህ ይደርስና ይመለሳል።" ጉሮሯቸውን በጣታቸው ነኩ። "በመጨረሻ ፈረሱ ሲሰለቸው ይሄዳል።"

"ውረድ ያላሉት በዓይንዎ ምክንያት ነው?" አልኳቸው። የዛሬ ዓመት ቢሆን ይህን ለመጠየቅ አልደፍርም ነበር፤ ደንዝዤ ስለነበር ደፈርኩ።

"ዓይን የጨዋታ ነው፣ ምን አለበት!" አሉ። "ስወድቅ ሜዳው ላይ የነበረው ፈረሰኛ ሁሉ ወረደ። ያነሳኝ አነሳኝ፣ ደሜን የጠረገ ጠረገ። አባትሽ ግን አልወረደም። ኮርቻው ላይ እንደ ግንድ ተተክሎ ያየኛል። እሱ ነው የቆጨኝ። ያን ቀን ሳይወርድልኝ ዛሬ ምን ብዬ ውረድ ልበለው? እንዲህ እያልኩ ከረምኩ።" ደህናውን ዓይናቸውን በመዳፋቸው አሹት። "ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ፈረሱ ሲመጣ አገር ሲያለቅስ አንቺን አየሁሽ። ደርቀሽ ቆመሻል፤ ልክ ያን ቀን አባትሽ ደርቆ እንደቆመው። የጨከነ መስሎኝ ነው የኖርኩት። ለካ ልጁም እንዲህ ናት፤ ሲበዛባችሁ ነው የምትደርቁት።"

ሽማግሌው መደቡን ተደግፈው ተነሱ፣ እስከ አጥሩ መጡና ልጓሙን በእጃቸው ነኩት።

"ውረጂ" አሉኝ። ወዲያው ወደ እንግዶቼ ዞረው "እናንተም ውረዱ" አሉ።

ወረድን። መደቡ ላይ አስቀመጡንና ትኩስ የገብስ ዳቦ ቆርሰው፣ ከነሰፈፉ የተቆረጠ ማር በሳህን አቀረቡ። ባልየው "ይሄ ከሁሉም ይበልጣል!" እያለ ጣቱን ላሰ። እኔም ቆርሼ፣ ማሩን አስነክቼ ጎረስኩ፤ ሰው ሲበላ አይቼ።

ያኔ ነው የኮቴ ድምፅ የሰማሁት። ዳማውን አላሰርኩትም ነበር። እዚህ ደጅ ታስሮ አያውቅም፣ ጌታው ወርዶ አያውቅማ። የለመደውን ያህል ጠበቀ፣ በቃው፣ ወደ ቤት መንገድ ጀመረ። አይሮጥም፣ አይደናገጥም። ከገበያ እንደሚመለስ ሰው እርምጃውን ይዞ ዳገቱን ይወጣል፤ እርካቡ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ ኮርቻው ባዶ ነው። የሚስበው ሰው የለም፣ ሽልማት የለም፣ ለቀስተኛ የለም። ዝም ብሎ ያለ አባቴ ወደ ቤት ይሄዳል።

ተነስቼ ሮጥኩ። "ቁም" ልለው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን "አባዬ ጠብቀኝ!" የሚል ነበር። ደግሜ ጮህኩ፣ ደግሜ። ዳገቱ ላይ መንገዱ መሐል ተቀመጥኩ፤ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች እስኪከቡኝ አለቀስኩ። አፌ ውስጥ የቀረው ማር ጣፋጭ ነበር። በዚያ ሰዓት መጣፈጡ አናደደኝ፤ የበለጠ አስለቀሰኝ።

እናቴ ከዳገቱ ማዶ ነጠላዋ ወልቆ፣ ባዶ እግሯን ስትሮጥ መጣች። ባዶ ኮርቻ የጫነ ፈረስ ደጇ ላይ ሲቆም ምን እንዳሰበች መጠየቅ አያስፈልግም። ስታየኝ በጥፊ መታችኝ። ቀጥላ አቀፈችኝ፤ ሁለታችንም አቧራው ላይ ተቀመጥን። ሲወጣላት "ፈረሱ ቢያንስ ቤቱን ያውቃል" አለችኝ። "አንቺ ወዴት ልትልኪው ነው?"

ሰኞ የዳንግላው ሰው መጣ። ሸክም የለመደ ገመድ ይዟል። አልሸጠውም ስለው አልተቆጣም፤ "ዋጋው አነሰሽ?" አለኝ።

"አይደለም። የሚቆምባቸው ቤቶች አሉት" አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም፣ እኔም አላስረዳሁትም።

ድንዛዜው ከዚያ በኋላም ሙሉ በሙሉ አልተወኝም። ሆቴል ውስጥ ቆሜ ቁልፍ ስሰጥ አንዳንድ ቀን እጄ የሌላ ሰው ይመስለኛል። ቅዳሜ ግን ከገበያ የምመለሰው በባጃጅ ሳይሆን በዳማው ነው። እዚያ ደጅ ሲደርስ ይቆማል፤ ሽማግሌው መደቡ ላይ ናቸው። "እንደምን ዋሉ አባባ" እላለሁ። "ውረጂ" ይሉኛል፣ አሁን ሰላምታዬን እስክጨርስ እንኳ አይጠብቁም። እወርዳለሁ። ከዚያ ከምንም በፊት ፈረሱን አስራለሁ።