ዘጠና ፈረስ ለስምንት ጥማድ

የግራ እጇ ጣት ናፍጣ ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ቦሎን ይፈልጋል። አገኛት። ቀኝ እጇ የአስር ቁጥር መፍቻ ሰክቶ አንድ ዙር ተኩል ይፈታታል፤ ከዚያ በላይ ከተፈታች ወድቃ ጭቃ ውስጥ ትጠፋለች። ቀጥሎ አውራ ጣቷ የናፍጣ መግፊያዋን ይጫናል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። የገባው አየር በቦሎኗ ዙሪያ አረፋ ሆኖ ይወጣል። አትቸኩልም። አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወርድ ትገፋለች፤ ከዚያ መግፊያዋን ሳትለቅ በሌላው እጇ ቦሎኗን ታጠብቃለች። እጇን በጨርቅ ጠርጋ ለሾፌሩ በአገጯ ምልክት ትሰጣለች። ትራክተሩ ሁለት ጊዜ ስሎ፣ አንድ ጊዜ አስነጥሶ ይነሳል።

እነዚህ እጆች የሰርካለም ናቸው። ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነው። ቀጨኔ ተወልዳ አደገች፣ ሙያ ትምህርት ቤት የእርሻ መሣሪያ ጥገና ተማረች፣ ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ የመንግሥት እርሻ ጋራዥ ሠራች። እርሻው ሲዘጋ መፍቻዎቿን በጆንያ ይዛ ወደ ሰፈሯ ተመለሰች። የትራክተር ጥገና ሱቅ ከፈተች፤ ሱቁ ትራክተር አይገባበትም። ከመድኃኔዓለም ቁልቁል የሚወርደው ቅያስ እንኳን ትራክተር፣ የተጫነች አህያም በጎን ነው የምታልፍበት። ስለዚህ ትራክተሮቹ አስፋልቱ ዳር ይቆማሉ፣ ሰርካለም መሣሪያዋን ተሸክማ ዳገቱን ትወጣለች።

ስሟን ያስጠራው ግን ከጥገናው ይልቅ ምክሯ ነው። ትራክተር ሊገዛ ያሰበ ሰው መጥቶ በስልኩ ፎቶ ያሳያታል። እሷ ፎቶውን አታይም። «መሬትህ ስንት ነው? ጥቁር ነው ቀይ? ተዳፋት ነው ሜዳ? መግቢያው ስንት ሜትር ነው? ሲበላሽ ዕቃው የት ይገኛል?» ትለዋለች። አብዛኛው ሰው መግቢያው ላይ ሲደርስ «ቆይ ልደውል» ይላል። አንዱ ሳይደውል ገዛ። ትራክተሩ ከበሩ ሰፋ፣ በሩን ነቀለው፤ ከኋላው የሚጎተተው ጓል መከስከሻ ከትራክተሩ ሰፋ፣ አጥሩን ነቀለው። ዛሬ በአገሩ ስሙ «አጥር አራሹ» ነው።

ባለፈው ግንቦት ጥያቄው ከገዛ ዘመዷ መጣ። የታናሽ እህቷ የሙሉ ባል ዮፍታሔ ከሠላሳ ዓመት የመዝገብ ቤት ሥራ በኋላ ጡረታ ወጥቶ፣ ከእንጦጦ ማዶ አባቱ የተዉለትን ስምንት ጥማድ መሬት ሊያርስ ተነሣ። ስምንት ጥማድ በዚያ አገር ልክ ሁለት ሄክታር ገደማ ነው። ሙሉ ያቀደችው ድንች ነው፤ ዘሩንም ገዝታለች፤ አልጋ ሥር ተቀምጦ ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ዮፍታሔ ያቀደው ትራክተር ብቻ ነው።

«ዘጠና የፈረስ ጉልበት ነው፣ ዋርሳዬ» አላት ስልኩን ዘርግቶ። «ካቢን አለው። ሬዲዮ አለው። ወንበሩ ይሽከረከራል።»

«መሬቱስ ያሽከረክረዋል?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የአባትህ መሬት እርከን አይደለም እንዴ? ከካብ እስከ ካብ ስንት ሜትር ነው?»

«በቂ ነው።»

«በቂ ስንት ሜትር ነው?»

ሙሉ ከባሏ ጀርባ ሆና ስምንት ጣት አሳየቻት።

«ጥንድ በሬ ሲያርሰው በኖረ መሬት ላይ ዘጠና ፈረስ ምን ይሠራል?» አለች ሰርካለም። «ሰማንያ ስምንቱ ተራ ይጠብቃሉ?»

«አንቺ ደግሞ! ትልቅ ሲሆን ቶሎ ይጨርሳል።»

«ትልቅ ጫማ ቶሎ ያስሄዳል?»

ዮፍታሔ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ዓርብ እፈርማለሁ፤ በቃ። ሠላሳ ዓመት ምድር ቤት ፋይል ሳቀብል ኖሬአለሁ። አሁን ከፍ ብዬ ተቀምጬ ሰው ይየኝ።»

እሱ ከወጣ በኋላ ሙሉ የእህቷን ክንድ ያዘች። «ሰርኬ፣ ያ ጉድ እርከኑ ላይ መዞር ካቃተው ክረምቱ አለፈን ማለት ነው። ድንቹን አልጋ ሥር ልኮተኩተው? እባክሽ አስቁሚልኝ፤ ጆሮ የሚሰጠው ላንቺ ነው።»

«ለኔም አይሰጥም። ዓይኑ ግን ደህና ነው። ነገ እንዲነዳው አደርጋለሁ።»

«የቱን?»

«ዘጠናውን ፈረስ።»

ለዚህ ሥራ ረጃጅም ቀጥ ያሉ የብረት ቱቦዎች ያስፈልጓት ነበር። በሰፈሩ እንዲህ ያለ ቱቦ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የእድሩ ዕቃ ቤት፣ የድንኳኑ ቋሚዎች። ረቡዕ ጠዋት የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ አድነው ዘንድ ሄደች።

«ለለቅሶ ነው ለሠርግ?» አሉ ጋሽ አድነው መዝገባቸውን ገልጠው።

«ለትራክተር ነው።»

«ትራክተር የሚል ዓምድ የለኝም።»

መዝገቡ ሦስት ዓምድ ነበረው፦ የወጣው ዕቃ፣ የሟች ስም፣ ቀን። ሠርግ ሲሆን የሙሽራው ስም የሚገባው እዚያው ሟች በሚለው ሥር ነው፤ እስካሁን ቅሬታ ያቀረበ ሙሽራ የለም።

«ትራክተሩ የማነው?» አሉ።

«የዮፍታሔ። የሙሉ ባል።»

ጋሽ አድነው በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው ጻፉ፦ ስምንት ቋሚ፤ ዮፍታሔ፤ ረቡዕ። «የት ነው የሚተከለው?» ብለው ጠየቁ፤ «ኳስ ሜዳው» አለቻቸው፤ ያንንም በኅዳጉ አስፍረው፣ መዝገቡን ሳይከድኑ ቁርስ ሊበሉ ሄዱ።

ትንሽ ቆይቶ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ አለማየሁ መጣ። አለማየሁ ጠንቃቃ ሰው ነው። ወሬ ሰምቶ አይነፋም፤ የተጻፈ ነገር ይፈልጋል። ይኸው፣ ተጽፏል።

ሰርካለም ግን ይህን አላወቀችም። ወደ ቁስቋም በሚወስደው መንገድ ከፍ ብሎ ባለው ኳስ ሜዳ ላይ ሁለት ረጃጅም ገመድ በስምንት ሜትር ርቀት ዘርግታ ነበር። «እነዚህ ካቦች ናቸው» አለች። «ከገመዱ ማዶ ገደል ነው።» ከዚያ ቱቦዎቹን በገመድ አያይዛ፣ አራት ሜትር ርዝመት፣ ሁለት ሜትር ወርድ ያለው አራት ማዕዘን ሠራች። የፊቱን ሁለት ማዕዘን እሷና ሙሉ፣ የኋላውን ሁለቱን ደግሞ ግጥሚያ ሲጠብቁ ያገኟቸው ሁለት ጎልማሶች ያዙ። ከኋላ ማረሻ የምትሆን የፕላስቲክ ወንበር ታሰረች። ዮፍታሔ መሀል ገብቶ የድስት ክዳን እንደ መሪ ጨበጠ።

«ይሄ ዕብደት ነው» አለ። ግን ክዳኑን ሲጨብጥ ፊቱ በራ። «ሬዲዮውን ክፈቱት እንጂ!»

ከኋላ ካሉት አንዱ የስፖርት ዜና ጀመረለት።

«ድድድድድ» አለ ዮፍታሔ፣ ትራክተሩም በአስር እግር ተንቀሳቀሰ። ቀጥታው ላይ ጎበዝ ነበር፤ ለቆሙት ሰዎች እጁን ሁሉ አነሣ። መዞሪያው ጋ ሲደርስ ሰርካለም ችንካር ተክላ የፊቱን ውጭኛ ማዕዘን በአምስት ሜትር ተኩል ገመድ አሰረችው። «የምትገዛው ትራክተር ከዚህ አጥብቦ አይዞርም። በል ዙር።»

ዮፍታሔ መሪውን ጠመዘዘ። ትራክተሩ ሰፊ ክብ ጀምሮ፣ እኩሌታው ሳይደርስ ገመዱን ረግጦ አለፈ።

«ካቡ ተናደ። ገደል ገባህ» አለች ሰርካለም። «ሞትክ።»

«ወደኋላ ብዬ አስተካክላለሁ።»

ወደኋላ ሲል ወንበሯ በሌላኛው ገመድ አለፈች። «ማረሻህ ጎረቤት ገባ። አሁን ደግሞ ጎረቤት ገደለህ።»

ሞከረ። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደፊት። ሙሉ ላብ በላብ ሆነች። አምስተኛው ላይ አንድ ጊዜ ዞረ፤ በዞረበት ቦታ ላይ ግን ሣሩ ተረግጦ ተደፍጥጦ ነበር።

«እዚህ ድንች ልትዘራ ነው?» አለች ሰርካለም። «በዚህ ክብደት ስትረግጠው ጥቁሩ መሬት አስፋልት ይሆንልሃል።»

በዚህ መሀል ከታች ከሰፈሩ ጥሩንባ ተሰማ። ሁሉም ቱቦውን መሬት አስቀመጡ። ዮፍታሔ ኮፍያውን አወለቀ፣ አማተበ። «ማን ይሆን? ምስኪን። ነፍስ ይማር» አለ።

ብዙም ሳይቆይ ስልሳ የሚሆን ሰው ዳገቱን ሲወጣ ታየ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ድንኳን ሊተክሉ መዶሻና ገመድ ይዘው። አለማየሁ ከፊት ከፊት «ዮፍታሔ አርፏልና ወደ ኳስ ሜዳ ውጡ!» እያለ ይመራል። ከሁሉም ቀድመው የደረሱት የሰፈሩ ትልቅ ሴት እማማ ዘይነብ ነበሩ፤ ደረታቸውን እየመቱ።

«ወይኔ ዮፍታሔ! ወይኔ ሰው አክባሪው! ወይኔ አቀርቃሪው ልጄ!»

«አቤት፣ እማማ!» አለ ዮፍታሔ ከትራክተሩ ውስጥ።

እማማ ዘይነብ እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። «አንተ! ቆመሃል እንዴ?»

«ፍሬን ይዤ ነው።»

ሰዉ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ አለማየሁን መውቀስ ጀመረ። አለማየሁ «በሟች ዓምድ ተጽፏል! ተጽፏል እኮ!» ይላል። ሰርካለም ነገሩን ባጭሩ አስረዳች፤ መሬቱን፣ ካቡን፣ ዘጠናውን ፈረስ። እማማ ዘይነብ ዮፍታሔን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ለስምንት ጥማድ ዘጠና ፈረስ? ልጄ፣ ለሞተ ሰው እንኳ የሚቆፈርለት በልኩ ነው።»

ጋሽ አድነው መዝገባቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው እያለከለኩ ደረሱ። «ሟች ከሌለ ቋሚ የለም። ዕቃው ይመለስ።»

«ጋሽ አድነው፣ አምስት ደቂቃ ይስጡኝ» አለች ሰርካለም።

«በማን ስም?»

«በዮፍታሔው ስም ይሁን።»

«እሱ እኮ ተሰርዟል።»

«አድነው፣ ተወን እስቲ!» አሉ እማማ ዘይነብ። «ዳገት የወጣነው በከንቱ ነው? ልጁ ይዙር!»

ሰርካለም ቱቦዎቹን ፈታ እንደገና አሰረች፤ ርዝመቱ ሦስት ሜትር፣ ወርዱ አንድ ሜትር ከአርባ። የችንካሩን ገመድ ወደ ሦስት ሜትር አሳጠረችው። «ይሄ ሠላሳ ፈረስ ነው። አራቱም ጎማ ይጎትታል፤ ጥቁር መሬት ላይ ያ ነው የሚያስፈልግህ። ዕቃው መርካቶ አለ፤ የማላውቀው አንድ ቦሎን የለውም። ንዳ።»

ዮፍታሔ ድድድ አለ፤ አሁን ድምፁ ቀጠን ብሏል። መዞሪያው ጋ ደረሰ፣ መሪውን ጠመዘዘ፣ ዞረ። ገመዱን ሳይነካ፣ ሁለት ሜትር ተርፎት። ለልቅሶ የመጡት ሴቶች እልል አሉ። እንደገና ዞረ። ሦስተኛውን ማንም ሳያዘው ዞረ።

ቆመና ሰርካለምን ጠየቃት። «ካቢን አለው?»

«የለውም። ጃንጥላ ያዝ።»

«ሬዲዮስ?»

«ስልክህ ምን ሠራ?»

ዮፍታሔ የድስት ክዳኑን እንደያዘ ወደ ሰዉ ተመለከተ። ሙሉ ቱቦዋን ሳትለቅ ጠጋ አለችው።

«ሰው ይየኝ ብለህ አልነበር? ይኸው ስልሳ ሰው ሥራውን ጥሎ መጥቶ አየህ። ዘጠናው ፈረስ ይህን ያህል ሰው አያመጣልህም።»

ቆጠራቸው መሰለኝ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ነበር። በመጨረሻ «ሠላሳዋ ትሁን» አለ። «ግን ቀይ ትሁን።»

«ቀለም ማርሽ አይነካም» አለች ሰርካለም። «ቀይ ትሁን።»

ዓርብ ለሠላሳዋ ፈረመ። ሰኔ ሳይጋመስ ስምንቱ ጥማድ ታርሶ ድንቹ ከአልጋ ሥር ወጥቶ መሬት ገባ። አብዛኛውን ያረሰችው ሙሉ ናት። ዮፍታሔ ቀጥታውን ቶሎ ቶሎ እያለፈ፣ መዞሪያው ጋ ሲደርስ ደስ ስለሚለው ሁለት ሁለቴ እየዞረ ናፍጣ ጨረሰ፤ አየር አስገባ፤ ሰርካለም ሱሉልታ ድረስ ሄዳ አስወጣችለት።

እድሩ ደግሞ በጠቅላላ ጉባኤ ወሰነ፦ የድንኳን ቋሚ ከሙሽራ በስተቀር በሕይወት ላለ ሰው አይወጣም። ስለዚህ ሰርካለም ያለ ቱቦ ቀረች፤ በሚመጣው ሳምንት ደግሞ ለሦስት ሄክታር ተዳፋት መቶ ሃያ ፈረስ ያማረው ሰው ቀጠሮ ይዟል። ይህን የምታነቡትን አደራ በልልኝ ብላኛለች፦

«ቀጥ ያሉ፣ ሁለት ሁለት ሜትር የሆኑ ስምንት ቱቦ ያላችሁ፣ አሮጌም ቢሆኑ፣ የዛጉም ቢሆኑ፣ አውሱኝ። አስፋልቱ ዳር አውርዱልኝ፤ እኔ እወስዳቸዋለሁ። ብቻ ተሸክማችሁ ሰፈር ከመግባታችሁ በፊት፣ እባካችሁ፣ ለአለማየሁ ደውላችሁ ማንም እንዳልሞተ ንገሩልኝ። በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል።»