መዶሻና ፋየርአቤንት

ዛሬ ማንም ሳያባርረኝ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ በገዛ እግሬ መንገድ ላይ ወጣሁ። ከአዲስ አበባ በተነሣሁበት ሌሊት እንኳ፣ ያ ሁሉ ዘመድ በር ላይ እያለቀሰ፣ እንዲህ አልተቻኮልኩም። እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ ስቃችሁ ስትጨርሱ ነገሩን ልንገራችሁ።

አሜሪካ፣ ኦክላንድ የምኖረው ዲተር የሚባል ሽማግሌ ጀርመናዊ ጓሮ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አጥሩን ስጠግንለት ኪራዩን ይቀንስልኛል። ያለዚያማ በዚህ ከተማ የእኔ ጡረታ ለበረንዳም አይበቃም። ታዲያ ሰሞኑን አመሻሽ ላይ ይመጣና መዶሻውን ከእጄ ወስዶ "ፋየርአቤንት!" ይለኛል። ፈገግም ይላል። አከራይ ፈገግ ሲል እኔ ደስ አይለኝም። ከሰው እጅ መሣሪያ መንጠቅ በእኛ ዘንድ "በቃኸኝ፣ ሂድ" ማለት አይደል? ዛሬም ሲደግመው ዕቃዬን ሸክፌ የእህቴን ልጅ ሰላምን ከሳን ሆዜ ጠራኋት።

"ጋሼ፣ ቤት የመልቀቂያ ኖቲስ ሰጠዎት እንዴ?" አለች ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ።

"መዶሻዬን ነጥቆኛል፤ ከዚህ በላይ ምን ኖቲስ አለ?"

"በቃ ፓኒክ አያድርጉ፤ እኔ ላናግረው።"

ዲተር ወጣ። ሻንጣዬን ሲያይ ክው አለ። "ፋየር" በጀርመንኛ በዓል፣ "አቤንት" ምሽት ነው አለን። ድሮ ለበዓል ዋዜማ የወጣ ስም ነው፤ በዚያ ምሽት ሥራ ይቆማል። ኋላ የእጅ ሙያተኞቹ የየዕለቱን የሥራ ማብቂያ በዚሁ ጠሩት።

"ዋዜማ ነዋ!" ብዬ ጮህኩ። ወዲያው ግን ጠረጠርኩ። በየቀኑ ዋዜማ የሚሰጥ አከራይ የት ታየ?

"በጊዜ ካስቆምከኝ ኪራዩስ?"

"ቅናሹ ያው ነው። አጥሩ የትም አይሄድም።"

"ታዲያ በእንግሊዝኛ አትለኝም ነበር?"

"እንግሊዝኛ ለዚህ ቃል የለውም። እዚህ አገር ሥራ መቼ አልቆ ያውቃል?"

"ትሩ ነው፣ እውነቱን ነው ጋሼ" አለች ሰላም፣ ወደ ሁለተኛው ሥራዋ ለመሮጥ ቁልፏን እያነሣች።

ሻንጣውን መለስኩት፤ አልፈታሁትም። ለማንኛውም።

ሰላም ስትሄድ ዲተር አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። "እናንተስ በዋዜማ ምን ታደርጋላችሁ?"

"ቤተ ክርስቲያን ሄደን እንቆማለን፣ ይዜማል።"

"እስቲ አንዱን አሰማኝ።"

ድምፄን ሰምቶ አሁን በእውነት እንዳያስወጣኝ ፈራሁና "ነገ" አልኩት። ይኸው፣ የአንድ ዜማ ዕዳ አለብኝ።