ቁልቁለት የበላው ኪሎ ሜትር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ወርቁ መፍቻውን ከእጄ ቀሙኝ።

መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነው። ከተበተነው ጦር የጥገና ክፍል ወጥቼ ወደ አገሬ ወደ ላስታ ተመልሻለሁ። ጋሽ ወርቁ ላሊበላ ላይ፣ ከገበያው በላይ፣ በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ሞተር ብስክሌት ይጠግኑ ነበር። ሻጭና ገዢ በዋጋ ሲጣሉም ዋጋ የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው። መካኒክ ነኝ ብዬ ገብቼ አንድ ቀይ ሞተር ልፈታ ጎንበስ ስል፣ "ማን ፍታ አለህ?" አሉኝ።

"ታዲያ ምን ልሥራ ጋሼ?"

"እጅህን ሆዱ ላይ አድርግ።"

አደረግሁ። ሞተሩ ትኩስ ነበር። ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ፈገግ ይላል።

"ሻጭ ሞተሩን አሙቆ የሚያመጣው አለነገር አይደለም" አሉ ጋሽ ወርቁ፣ ሰውየው እየሰማ። "የሞቀ ሞተር ሁሉ ጤነኛ ነው። ገመናው የሚወጣው ቀዝቅዞ ሲነሣ ነው። እንግዲህ ይደር።" ሞተሩ አደረ። ጠዋት ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ተፋ። የፒስቶኑ ፋሻ አልቆ ዘይት ይበላል ማለት ነው። ባለቤቱ ያን ቀን ፈገግ አላለም።

ረዳት ሆኜ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ቆጣሪ ማመን የጀማሪ ነገር መሆኑንም ከእሳቸው ተማርኩ። ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል። የእግር መርገጫው ላስቲክ ግን አይመለስም። ቆጣሪው ትንሽ ቆጥሮ ላስቲኩ እንደ ሳሙና ከለሰለሰ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ሰንሰለቱን ከኋላ ጥርሱ ላይ ሳብ አድርጌ ክፍተቱን አያለሁ። የኋላ ጎማውን ይዤ ግራና ቀኝ እነቀንቃለሁ። የዘይቱን መክደኛ ከፍቼ በጣቴ እዳስሳለሁ። ብዙ የሄደ ሞተር መጥፎ ሞተር አይደለም፤ ክፉ የተነዳ ሞተር ነው መጥፎው።

በእኛ አገር ደግሞ ኪሎ ሜትር ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። ቤንዚን በበርሜል ከወልዲያ እየመጣ በሊትር ይቸረቸር ስለነበር፣ ላስታ ላይ ሞተር የሚነዳ ሰው ቁልቁለት ሲያገኝ ያጠፋዋል። በፍሪ ማርሽ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ነፋሱን እየሰማ እስከ ታች ይወርዳል። ቆጣሪው የሚቆጥረው ከፊት ጎማው ነውና ሞተሩ ተኝቶም ይቆጥራል። ስለዚህ ኮን ሜዳ ላይ ብቻ የዋለ ሞተርና ገደል ለገደል የተመላለሰ ሞተር ቆጣሪያቸው እኩል ቢሆንም ዕድሜያቸው እኩል አይደለም። የቁልቁለቱ ሞተር ሆዱ ልጅ ነው፤ ፍሬኑ ግን ሽማግሌ። ሰዎች በቆጣሪ ሲጨቃጨቁ እኔ "መንገዱ የት ነበር?" ብዬ እጠይቃለሁ።

ጋሽ ወርቁ ሲያርፉ ዳሱም ግምቱም ለእኔ ተረፈ። ከግምቱ ጋር የግምቱ ሥርዓት መጣ። ሻጭና ገዢ በሽማግሌ ፊት "ያለውን እንቀበላለን" ይላሉ። ገማቹ እጁን ኮርቻው ላይ ጭኖ "ያየሁትን፣ የሰማሁትን፣ የማውቀውን አልደብቅም" ይላል። ከዚያ ወዲያ ቃሉ አይመለስም። ሌላም አለው፦ ገማች ሞተር ካለው ሰው ጋር አይበላም፣ አይጠጣም። ዛሬ ባይሸጥ ነገ ይሸጣል።

ይህ የመጨረሻው ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ሲኖሩት ግን አይደለም። ሞተር የሌለው ሰው እኔን ምን ሊያደርግ ይፈልገኛል? ሞተር ያለው ደግሞ ሰላም ብሎኝ ዞር ይላል። ገነተ ማርያም በተደረገው የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ሞተር ሊሻሻጡ የተቀጣጠሩ ሁለት ሰዎች ነበሩና፣ አስተናጋጁ ይቅርታ ብሎ ከካህናቱ ጀርባ ብቻዬን አስቀመጠኝ። ጠላውን ለብቻ በማንቆርቆሪያ አመጡልኝ። ብቻውን የሚጠጣ ሰው ቶሎ ይጠግባል። እህል ሳልቀምስ ተነሥቼ ሄድኩ።

አያሌው የመጣው እንዲህ እያለሁ ነው። የግብርና ጽሕፈት ቤት የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር፤ የመድኃኒቱን የበረዶ ሣጥን ከኋላው አስሮ ከቀበሌ ቀበሌ ይዞራል። አንድ ቀን ከዳሴ ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ገብቶ ሳይጠይቀኝ ከጠረጴዛዬ ተቀመጠ።

"ሰውዬ፣ ሞተር አለህ እኮ" አልኩት።

"ሞተሩ የመንግሥት ነው። እኔ የምሸጠው የለኝም። አገር ምድሩ ሲፈራህ ከአንተ ጋር ሻይ መጠጣት የተፈቀደልኝ ሰው እኔ ነኝ" አለና ሁለት ሻይ አዘዘ።

እንዲህ ሆነን ዓመታት ጠጣን። እሱ የበሬ በሽታ ያወራል፣ እኔ የሞተር በሽታ አወራለሁ። የሻይ ቤቷ ባለቤት እኔ ስገባ ሁለት ብርጭቆ ማምጣት ለመደች። ወዳጅ ማለት ለእኔ ያ ሁለተኛው ብርጭቆ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ሞተሮቹን በጨረታ ሲሸጥ አያሌው የሚነዳውን ገዛው። ያን ቀን ሻይ ቤት ሲገባ ቆም አለ። "አትፍራ፣ አልሸጠውም። እኔና እሱ አብረን ነው የምንቀበረው" አለኝ። ሥርዓቱ አይፈቅድም ነበር። አብረን ጠጣን።

ከዚያ አንድ ክረምት ከኩልመስክ ሲመለስ እንደ ልማዱ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልቁለቱን ወረደ። ታች ወንዝ አለ፤ ሞልቷል። በድምፅ የሚመጣ ሰው ቀድሞ ማርሽ ቀንሶ ይቆማል፤ በዝምታ የሚወርድ ግን ፍጥነቱን አያውቀውም። ውሃው ውስጥ ከገባ በኋላ ደንግጦ ማርሽ አስገባና ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ሞተሩ ተነሣ፤ ተነሥቶም ደለሉን ጠጣ። ለአንድ ብርጭቆ ቤንዚን ብሎ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሆነበት። ይህን የሚሳሳት የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው።

በእግሩ መጥቶ ጠራኝ። ሁለታችን ጎትተን አወጣነው፤ ዳሴ ውስጥ ዘግተን ፈታነው። ሞተሩን የሚያዞረው ዘንግ፣ ኮሎ የምንለው፣ የተቀመጠበት ኩሽኔታ ተበልቷል። ምትኩ ወልዲያም ደሴም ጠፋ። አጥበን፣ ዘይት አጠጥተን መለስነው። "ይሄዳል፤ እስከ መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም" አልኩት። ሄደ። ድምፁ እንኳ ንጹሕ ነበር። እኔ ራሴ ሳላውቅ ብሰማው ጤነኛ ነው የምለው።

ዓመታት አልፈው አያሌው ከሻይ ቤቱ ቀረ። አንድ ጠዋት ዳሴ በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ዓይኑ ወደ ጆሮዬ አካባቢ ነበር።

"ደሴ ያየኝ ሐኪም የዓይን ሞራ ነው አለ፣ ሁለቱም። አዲስ አበባ ሄደህ ቶሎ አሠራቸው ብሎኛል። ሥራም ትቻለሁ። ሞተሩ ከተሸጠ ሁለቱንም አሠራለሁ።"

"ገዢ አለ?"

"ሰይድ አለ፣ ጨርቅ ነጋዴው። ዋጋ ግን አንተ ካልቆረጥክ አልገዛም ብሏል።"

ያ ኩሽኔታ ትዝ አለኝ። የማስበው ገብቶታል።

"ስንፈታው ማንም አላየም" አለኝ። "አንተ ገማች ነህ እንጂ ንስሐ አባቴ አይደለህም።"

ሻይ እንጠጣ አልኩት። "ሞተር አለኝ፤ እስኪሸጥ ከአንተ ጋር አልጠጣም" ብሎ ሄደ። ሥርዓቱን ያን ዕለት እሱ ጠበቀልኝ።

የግምቱ ቀን ሁለት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሞተሩ ዳሴ ውስጥ አድሮ ስለነበር ቀዝቃዛ ነው። ሰይድ ጎንበስ ብሎ ቆጣሪውን አየና ወደ እኔ ዞሮ እጁን አጨበጨበ። "ወላሂ ይኸ ሞተር ዓለምን ዞሯል! አያ ሞላ፣ ይኸን ያህል የሄደ ምን ቀርቶት ነው?"

አስነሣሁት። በሁለተኛው ምት ተነሣ፣ ጭስ የለም። እጄን ኮርቻው ላይ ጭኜ ቃሉን አልኩና ለሰይድ ነገርኩት። "ግማሹ ቁልቁለት ነው፤ ሞተሩ ተኝቶ የወረደው። የፍሬኑ ሸራ አልቋል፣ የፊት አሞርዛተሩም ዘይት ያፈሳል፤ እሱ ይቀነሳል። ፋሻውና ማርሹ ግን ቆጣሪው የሚለውን ያህል አላረጁም።"

አያሌው ፊቱ በራ። "ለካ ሞተሬ ገና ልጅ ነው!" አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔም እዚያ ላይ ማቆም ፈለግሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም አፌን ለመዝጋት እንደዚያ ፈልጌ አላውቅም።

ሰይድ ግን ጠየቀ። "እንግዲያ ጨርቅ ጭኜ ከኩልመስክ ላሊበላ ብመላለስበት ይችለኛል? ባለቤቴንም አንዳንዴ ከኋላ ላስቀምጥ አስባለሁ።"

ያን ቁልቁለት አውቀዋለሁ። ያ ኩሽኔታ እዚያ ላይ ከነከሰ የኋላው ጎማ ይታሰራል። ከታች ገደል ነው።

"ውሃ ገብቶበት ያውቃል" አልኩ። "ደለል ጠጥቷል። የኮሎው ኩሽኔታ ተበልቷል፤ ያልቀየርነው ምትክ አጥተን ነው። ከውጭ አይሰማም። እኔ የማውቀው አብሬ ስለፈታሁት ነው።"

አያሌው በደከመው ዓይኑ ፊቴን ይፈልግ ነበር።

"ጨረስክ?" አለኝ።

"ጨረስኩ።"

"እንግዲህ ዋጋህን ቁረጥ።"

ቆረጥኩ። ለሁለት ዓይን የታሰበው ገንዘብ ለአንድ ዓይን ወረደ። ሰይድ ጥሎ ይሄዳል ስል ገዛው። "ኩሽኔታውን ከአዲስ አበባ አስመጥቼ እቀይረዋለሁ። እኔ የምፈራው የማላውቀውን ነው" አለ። አያሌው ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ሽማግሌዎቹን እጅ ነሥቶ፣ እኔን ሳይሰናበት ወጣ። በሩ ላይ ደፉን ስቶ ተደናቀፈ። ልደግፈው እጄን ብዘረጋ አላየውም፤ ወይም አይቶ ተወው።

አዘንኩ። ለእሱም አዘንኩ፣ ለራሴም አዘንኩ። መቃብር የገቡትን ጋሽ ወርቁን ሳይቀር ተቀየምኳቸው። በማግሥቱ ሻይ ቤት ስገባ ባለቤቷ ሁለት ብርጭቆ ይዛ መጣች፤ አየችኝና አንዱን መልሳ ወሰደች። ከዚያ ወዲያ አንድ ብቻ ታመጣልኝ ጀመር። ሰይድ ኩሽኔታውን እኔው ጋ መጥቶ አስቀየረ፤ ሥራው ሲያልቅ ሻይ ልጋብዝህ አለኝ። ሞተር አለህ አልኩት።

የአያሌውን ወሬ ከሹፌሮች እሰማ ነበር። አዲስ አበባ ደርሶ ተመልሷል፣ ኮን እኅቱ ዘንድ ነው ይላሉ። ኮን ሩቅ አይደለም። ምን ብዬ ልሂድ? አልሄድኩም።

በሌላው ዓመት ለገና ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ ሳለ፣ ሻይ ቤት ጥጌን ይዤ ተቀምጫለሁ። አንድ ሰው በዱላ መንገዱን እየዳሰሰ ገብቶ ፊቴ ቆመ። ራሱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ በቀኝ ዓይኑ ትክ ብሎ አየኝ።

"ሸብተሃል" አለኝ።

ተነሣሁ። "አያሌው! ዓይንህስ?"

"አንደኛው ያያል።"

"ሌላውስ?"

"ሌላው አንተን ላለማየት ምሏል።" ከዚያ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። "ተቀይሜሃለሁ፤ አልዋሽህም። ገና አልወጣልኝም። ሰይድን መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ሚስቱን ከኋላ አፈናጥጦ ነበር። ቆሞ ሰላም አለኝ።" ዱላውን ከጠረጴዛው አስደገፈ። "በል እንግዲህ ሻይ እዘዝ። ዛሬ የምሸጠው የለኝም።"

ሁለት ብርጭቆ መጣ። ብዙ አላወራንም። በማግሥቱ በአውቶቡስ ወደ ኮን ተመለሰ፤ እስከ መናኸሪያው ክንዱን ይዤ ሸኘሁት። ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም።

አሁን ዳሱን ዘግቻለሁ። ወደዚህ ሙያ ለምትመጡ የምለው ይህን ነው። ሞተሩን ቀዝቃዛ ሳለ አስነሡት። ቆጣሪውን ትታችሁ መንገዱን ጠይቁ። እጃችሁን ኮርቻው ላይ ከጫናችሁ የምታውቁትን ሁሉ ተናገሩ፣ የወዳጃችሁ ሞተር ቢሆንም። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሻያችሁን ብቻችሁን ትጠጣላችሁ።